የቤተ ክርስቲያን ቦታ ከመረከባችሁ በፊት፦ የጎርፍ መውረጃውንና የመግቢያ መንገዱን መገምገሚያ መመሪያ

አብዛኛው የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ቦታ የሚያየው በበጋ ነው። መሬቱ ደርቋል፣ መኪና ሜዳው መሀል ድረስ ይገባል፣ ሁሉም ነገር ያማረ ይመስላል። ቤተ ክርስቲያን ግን ሰው የሚበዛበት ጊዜ በጋ ብቻ አይደለም። ሐምሌ 5 ጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ሐምሌ 7 ሥላሴ፣ ሐምሌ 19 ገብርኤል፣ ነሐሴ 24 ተክለ ሃይማኖት ይነግሣሉ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ደግሞ በፍልሰታ ሕፃን አዋቂው በየቀኑ ለቅዳሴ ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ በዓመት የሚዘንበው ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ዋናዎቹ ናቸው። ስለዚህ ቦታውን መመዘን ያለባችሁ በፍልሰታ ዓይን ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በአዲስ አበባ ዳርና በዙሪያዋ ባሉ የደጋ ከተሞች ቦታ ለቀረበላቸው ሰበካ ጉባኤዎችና የሕንፃ ኮሚቴዎች ነው። ለሌላ የአምልኮ ቤትም ስሌቱ አይለወጥም፤ የሚለየው የግቢው አቀማመጥ ብቻ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ የቅደም ተከተል ነገር። መንገድ ዛሬ ባይኖር ነገ ሊሠራ ይችላል። የውሃ መውጫ ግን በሰው ይዞታ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ በገንዘብም በሽምግልናም ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው ይታያል፣ ከዚያ መንገዱ።

ወደ ቦታው ከመሄዳችሁ በፊት

ከክፍለ ከተማው ወይም ከማዘጋጃ ቤቱ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የቦታውን ፕላን ከነማዕዘን ነጥቦቹ፣ በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ በቦታው ዙሪያ የተያዘውን የመንገድ ስፋት፣ በአካባቢው የተዘረጋ ወይም የታቀደ የጎርፍ ማፋሰሻ መስመር ካለ ሥዕሉን። ቦታው ወንዝ ወይም ፈፋ አጠገብ ከሆነ የወንዝ ዳርቻ ክልከላው እስከየት እንደሚደርስ በጽሑፍ እንዲነገራችሁ አድርጉ። በቃል የተነገረ ስፋት ግንባታ ፈቃድ ላይ ሲደርስ ይቀየራል።

በጉግል ኧርዝ ላይ ቦታውን አውጥታችሁ ወደ ኋላ ያሉትን ዓመታት ምስሎች ተመልከቱ። ዛሬ የተደለደለ ሜዳ ከዓመታት በፊት ፈፋ ወይም ጨፌ የነበረ ሊሆን ይችላል። በግንባታ ፍርስራሽ የተሞላ ፈፋ ውሃ መንገዱን አይረሳም፤ ከተሞላው አፈር ሥር ለሥር ይሄዳል፣ ከዓመታት በኋላ ወለል ይሰምጣል። የምስሉን የከፍታ ቁጥር ግን ለቦይ ተዳፋት አትጠቀሙበት፤ በብዙ ሜትሮች ሊሳሳት ይችላል።

ለጉዞው የሚያስፈልገው፦ 25 ሜትር ግልጽ የጎማ ቱቦ፣ በሳንቲ ሜትር የተመለከቱ ሁለት የ2 ሜትር ቀጥ ያሉ እንጨቶች፣ የ50 ሜትር ሜትር፣ ችካልና ሲባጎ፣ ዶማና አካፋ፣ ስልክ። ቀያሽ መቅጠር ከቻላችሁ ጥሩ ነው፤ ግን የመጀመሪያውን ማጣሪያ ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

1. ከቦታው በላይ ያለውን መሬት ተመልከቱ

ብዙ ሰው ግምገማውን ከአጥሩ ውስጥ ይጀምራል፤ ችግሩ ግን የሚመጣው ከአጥሩ ውጭ ነው። ከቦታው ላይኛው ጠርዝ ተነሥታችሁ ውሃ የሚከፈልበት ጉብታ እስክትደርሱ ድረስ ሽቅብ ተጓዙ። አዲስ አበባ ውስጥ ወንዞቹ ከእንጦጦ ወደ ደቡብ፣ ወደ አቃቂ ስለሚወርዱ በደምሳሳው ላይኛው ወገን ሰሜኑ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ግን ይህ በየመቶ ሜትሩ ይለያያል። በስልካችሁ ካርታ ላይ ያንን ጉብታ እያያያዛችሁ ከበባ ሥሩ፤ የተከበበው መሬት ስንት ሄክታር እንደሆነ ያዙ። አንድ ሄክታር 100 በ100 ሜትር ነው።

በመንገዳችሁ ላይ አዲስ አስፋልት፣ ኮብልስቶን ወይም የሚሠራ ኮንዶሚኒየም ካለ መዝግቡ። ዛሬ ሣር የሆነው ነገ ሲነጠፍ ወደ እናንተ የሚመጣው ውሃ በእጥፍና ከዚያም በላይ ይጨምራል።

2. የጎርፍ ምልክት አንብቡ፣ ሰው ጠይቁ

በበጋም ቢሆን ክረምት አሻራውን ይተዋል። የሽቦ አጥር ላይ የተጠመጠመ ገለባና ፌስታል የውሃውን ከፍታ ይነግራችኋል፤ ከመሬት እስከዚያ ለኩና ፎቶ አንሡ። ግድግዳ ላይ ያለ የጭቃ መስመር፣ ሥራቸው የተራቆተ ባሕር ዛፎች፣ ወጥ የሆነ ደቃቅ ደለል የተኛበት ሜዳ፣ ሁሉም ማስረጃ ነው። የጎረቤት በር ደፍ ላይ ሁለት ረድፍ ብሎኬት በኋላ ተጨምሮ ካያችሁ ቤቱ ውሃ ገብቶበት ያውቃል። በመንገዱ ላይ በእርምጃ ልክ የተደረደሩ ድንጋዮች መረማመጃ ናቸው፤ ማንም በደረቅ መሬት ላይ አይደረድራቸውም።

ቀጥሎ ጠይቁ፤ ግን «እዚህ ጎርፍ አለ?» ብላችሁ አይደለም። ቦታ ሻጭ ወይም ደላላ አጠገባችሁ ቆሞ መልሱ «ኧረ የለም» ነው። ባጃጅ ሹፌሩን «በሐምሌ እስከየት ድረስ ትገባለህ?» በሉት። የቦቴ ውሃ የሚያመጣውን ሹፌር የት እንደሚቆም ጠይቁት። እናቶችን «ልጆቹ ክረምት ላይ በየት በኩል ነው የሚመላለሱት?» በሏቸው። ሦስት ሰው አንድ ቦታ ካመለከተ ጉዳዩ አልቋል።

3. ተዳፋቱን ለኩ

ቱቦውን ውሃ ሙሉትና አረፋ እንደሌለበት አረጋግጡ፤ አንዲት አረፋ ንባቡን ታበላሻለች። ሁለቱን እንጨቶች በ20 ሜትር ርቀት አቁሙ፣ የቱቦውን ሁለት ጫፎች ከእንጨቶቹ ጋር ይዛችሁ ውሃው ሲረጋ አንብቡ። በላይኛው 62 ሳንቲ፣ በታችኛው 102 ሳንቲ ከሆነ ልዩነቱ 40 ሳንቲ ነው፤ በ20 ሜትር 40 ሳንቲ ማለት 2 በመቶ ነው። ቦታውን በሁለቱ ሰያፍ መስመሮችና በአራቱ ጎኖች ለኩ።

ንባቡ የሚነግራችሁ ይህን ነው። ከ0.5 በመቶ በታች ከሆነ ቦይ ብትሠሩም ደለል ይሞላዋል። ከ1 እስከ 3 በመቶ ለሥራ የሚመች ነው። ከ4 በመቶ በላይ ያልተነጠፈ የአፈር ቦይ ራሱን እየቆፈረ ፈፋ ይሆናል፤ በድንጋይ መገንባትና በደረጃ መውረድ ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያን ከሌላ ሕንፃ የሚለይበት ነገር አለ። ትምህርት ቤት ወይም መጋዘን ቢሆን ሕንፃውን ከዳገቱ ጋር አስተካክሎ ማዞር ይቻላል። የቤተ ክርስቲያን መቅደሱ ግን ወደ ምሥራቅ ነው፤ አይዞርም። ስለዚህ መሬቱ ለሕንፃው ይታዘዛል። 30 ሜትር ርዝመት ያለው ሕንፃ 8 በመቶ ተዳፋት ላይ ሲያርፍ በሁለቱ ጫፎች መካከል 2.4 ሜትር የከፍታ ልዩነት ይኖራል። ያ ማለት በአንድ በኩል መቁረጥ፣ በሌላው መሙላትና ድጋፍ ግንብ ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚወርድ ቦታ ከሆነ የላይኛው ውሃ በቀጥታ የሚመጣው መቅደሱ ጀርባ ላይ ነው፤ ከሕንፃው ቢያንስ 5 ሜትር ርቆ ከላይ በኩል ውሃ ጠላፊ ቦይ የግድ ይሆናል።

4. አፈሩን ቆፍሩ

ሕንፃው በሚያርፍበት አካባቢ ቢያንስ ሦስት ጉድጓድ፣ እያንዳንዱ 2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ጥልቀት። ከ1 ሜትር ተኩል በታች ሰው እንዳይገባ፤ የጥቁር አፈር ግድግዳ ሳይታሰብ ይናዳል።

በቦሌና በአቃቂ ቃሊቲ ዝቅተኛ ክፍሎች በብዛት የሚገኘው ጥቁር መረሬ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ወለልና አጥር የሚሰነጥቀው ክብደቱ ሳይሆን ይህ መተንፈሱ ነው። የላብራቶሪ የነጻ እብጠት (free swell) ምርመራ አሠሩ፤ ውጤቱ ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ብዙም አያሰጋም፣ ወደ 100 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን መሠረቱን ከመረሬው በታች ማውረድ ወይም አፈሩን አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት በጀት ውስጥ መግባት አለበት።

ለውሃ ማፋሰሱ ደግሞ የመረሬ ትርጉም ሌላ ነው፦ ውሃ አይመጥም። «የጣሪያውን ውሃ ጉድጓድ ቆፍረን እናሰርገዋለን» የሚል ሐሳብ ቀይ አፈር ላይ ይሠራል፤ መረሬ ላይ ጉድጓዱ በአንድ ዝናብ ሞልቶ ውሃው በስንጥቆቹ በኩል ወደ መሠረቱ ይሄዳል። ያልተነጠፈ ቦይም እንዲሁ ነው። መረሬ ላይ ቦይ ሁሉ በድንጋይ ግንብ ወይም በኮንክሪት ይነጠፋል፣ የሕንፃው ዙሪያም ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል በኮንክሪት ይታሸጋል።

በየካቲት ወይም በመጋቢት ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ካገኛችሁ ቁሙ። በድርቅ ወቅት 2 ሜትር ላይ ያለ ውሃ በነሐሴ ወለል ሥር ነው።

5. የውሃውን መጠን አስሉ

ስሌቱ ቀላል ነው፦ ስፋት በሄክታር ሲባዛ በዝናቡ ኃይል (በሰዓት ሚሊ ሜትር) ሲባዛ በመፍሰስ ድርሻ (ከዘነበው ውሃ ሳይሰርግ የሚፈሰው ክፍል)፣ ሲካፈል ለ360። ውጤቱ በሰከንድ ሜትር ኩብ ነው። የመፍሰስ ድርሻ ለጣሪያ 0.9፣ ለተነጠፈ ግቢ 0.8፣ ለሣርና ዛፍ 0.25 ውሰዱ። ለመጀመሪያ ማጣሪያ በሰዓት 80 ሚሊ ሜትር መያዝ ይበቃል፤ ለዲዛይን ግን መሐንዲሱ ከኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የድሬኔጅ ማንዋል የአካባቢውን የዝናብ ከርቭ (የዝናቡን ኃይል ከቆይታው ጋር የሚያሳይ መስመር) ማውጣት አለበት።

ምሳሌ፦ 5,000 ካሬ ግቢ። ጣሪያ 800፣ ንጣፍ 2,200፣ ሣርና ጽድ 2,000 ካሬ። አማካይ ድርሻው 0.6 ገደማ ይሆናል። 0.5 × 80 × 0.6 ÷ 360 = 0.066፤ በሰከንድ 66 ሊትር። ቦታው ባዶ ሜዳ እያለ በ0.3 ድርሻ 33 ሊትር ነበር። ማለትም ግንባታችሁ ወደ ታችኛው ጎረቤት የሚሄደውን ውሃ እጥፍ አድርጎታል። ቤተ ክርስቲያን ከፍታ ላይ ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ ጎርፍ ተቀባይ ሳይሆን ጎርፍ ላኪ ነው፤ ይህን ኮሚቴዎች ይዘነጋሉ።

ያንን የ33 ሊትር ትርፍ ለ20 ደቂቃ ለመያዝ 40 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል፦ 5 በ4 በ2 ሜትር የሆነ ገንዳ። አሸንዳ በደንብ ከተሠራ 800 ካሬው ጣሪያ በ50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይህንኑ ያህል ይሰጣል፤ ውሃው ለግንባታና ለዛፍ ይሆናል። ግን አንድ ስሕተት ይደጋገማል፦ ገንዳው ሁልጊዜ ሙሉ ከሆነ ጎርፍ አይይዝም። ውሃውን ለአገልግሎትም ከፈለጋችሁት ገንዳውን በእጥፍ አስፉትና የላይኛው ግማሽ በቀጭን ቱቦ ቀስ እያለ እንዲፈስ፣ የታችኛው ግማሽ ለአገልግሎት እንዲቀር አድርጉት። አሸንዳው በየ100 ካሬ ጣሪያ አንድ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ መውረጃ ይኑረው።

አሁን የላይኛውን ውሃ ጨምሩ። ከላይ 6 ሄክታር ሰፈር ካለ በ0.45 ድርሻ 6 × 80 × 0.45 ÷ 360 = 0.6 ሜትር ኩብ በሰከንድ። ይህ ከግቢያችሁ ውሃ 9 እጥፍ ነው። 50 ሳንቲ ስፋት ያለው የድንጋይ ቦይ ውሃው 30 ሳንቲ ሲሞላ በ1 በመቶ ተዳፋት የሚያሳልፈው 0.2 ገደማ ነው፤ ሦስት እንዲህ ያለ ቦይ ማለት ነው። ባለ 60 ሳንቲ ቱቦ በወረቀት ላይ 0.6 ያሳልፋል፤ መግቢያው ላይ ግን ውሃ ካልተከማቸ የሚውጠው ግማሹን ያህል ነው፣ ደለል ሲይዝ ደግሞ ያንንም አያደርስም። ባለ 90 ሳንቲ ያስፈልጋችኋል። በ60 እና በ90 መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ከአንድ ክረምት ጥገና ሊያንስ ይችላል።

6. መውጫውን ፈልጉ

ከቦታው ዝቅተኛ ጫፍ ተነሥታችሁ ውሃው የመንግሥት ቦይ፣ ወንዝ ወይም ካልቨርት (ከመንገድ ሥር ያለ የውሃ ማሳለፊያ) እስኪደርስ ቁልቁል ተከተሉት። በመንገድ ዳር ቦይ በኩል ከደረሰ፣ የቦዩን ወለል ከቦታችሁ ዝቅተኛ ነጥብ ጋር በቱቦው አነጻጽሩ። ቦዩ ከእናንተ ከፍ ካለ፣ አጠገባችሁ ቢሆንም አይጠቅማችሁም። በሰው ግቢ ውስጥ ካለፈ፣ በተበታተነ ሁኔታ በሣር ላይ ሲወርድ የኖረን ውሃ በቱቦ ሰብስባችሁ አንድ ቦታ ብትለቁት ጎረቤት ይከሳችኋል፤ እውነትም አለው። ሕጋዊና ዝቅተኛ መውጫ ከሌለ ቦታው ይቅር። ግቢውን አፈር ሞልቶ ከፍ ማድረግ ውሃውን ወደ ጎረቤት መግፋት እንጂ መፍትሔ አይደለም።

መጸዳጃ፣ ሴፕቲክ ታንክና መቃብር ከጠበል ምንጭ ወይም ከጉድጓድ ውሃ በታች በኩል፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርቀው ይቀመጡ።

7. ከአስፋልት እስከ በሩ

መንገዱን በየ50 ሜትሩ እየቆማችሁ መዝግቡ፦ የጠባቡ ቦታ ስፋት፣ ተዳፋት፣ ንጣፍ፣ የጎን ቦይ አለ ወይስ የለም፣ የመብራት ምሰሶና የተንጠለጠለ ሽቦ። ሽቦ ከ4.5 ሜትር በታች ከሆነ የተጫነ መኪና ይበጥሰዋል። ፕላን ላይ 10 ሜትር የተባለው መንገድ መሬት ላይ በአጥር ተበልቶ 5 ሜትር ሊሆን ይችላል፤ የምትገነቡት በመሬት ላይ ባለው ነው።

ሁለት መኪና ለማስተላለፍ 6 ሜትር ያስፈልጋል። ከ4 ሜትር ያነሰና ግራ ቀኙ ካርታ ባላቸው ቤቶች የታጠረ ብቸኛ መንገድ ካላችሁ የኮንክሪት ሚክሰር አይታጠፍም፣ የእሳት አደጋ መኪና አይደርስም፣ በንግሥ ቀን አምቡላንስ አይወጣም። ሚክሰሩ በማእዘን ላይ ለመዞር ከውጭ በኩል ወደ 12 ሜትር ራዲየስ ይፈልጋል። ከ10 በመቶ በላይ የሆነ ዳገት በእርጥብ ኮብልስቶን ላይ ያንሸራትታል፤ በሌሊት 9 ሰዓት ለማኅሌት የሚመጡትን አባቶች አስቡ። በመንገዱ ላይ አሮጌ ካልቨርት ካለ ክዳኑ የተጫነ ሲኖትራክ መሸከሙን መሐንዲስ ይይ።

8. በሩና የመንገድ ዳር ቦዩ

እጅግ የተለመደው ጥፋት እዚህ ነው። ሥራ ሲጀመር አሸዋ ጫኝ መኪና እንዲገባ ተብሎ የመንገድ ዳር ቦይ «ለጊዜው» በድንጋይ ይሞላል። ያ ጊዜያዊ ድንጋይ ሦስት ክረምት ይቀመጣል፤ ውሃው አስፋልቱ ላይ ይወጣል፣ አስፋልቱ ይቦረቦራል፣ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ መግቢያውን ይዘጋል። ከመጀመሪያው መኪና በፊት ቱቦ ይቀበር፦ ዲያሜትሩ ከላይ ካለው ቦይ የሚያንስ እንዳይሆን፣ ከላዩ 60 ሳንቲ የተጠቀጠቀ ሙሌት ይኑረው፤ ያ ከፍታ ከሌለ በኮንክሪት ይሸፈን። ሁለቱም ጫፍ የግንብ ግድግዳ ይሠራላቸው፤ አለበለዚያ ውሃው በቱቦው ጎን ያልፍና ሙሌቱን ያጥበዋል። ለዚህ ከመንገዱ ባለቤት የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል።

በሩን ከመንገድ ጠርዝ 12 ሜትር ወደ ውስጥ ስቡት፤ መኪና በር እስኪከፈት አስፋልት ላይ አይቆምም። ከበሩ ወደ ግራና ቀኝ እይታ ለኩ፦ መኪኖች በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር በሚሄዱበት መንገድ ላይ ቢያንስ 65 ሜትር ንጹሕ እይታ ያስፈልጋል። ለእግረኛ የተለየ በር ይኑር። በደረቅ ወለል በአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ 80 ሰው ገደማ ይወጣል፤ 2,000 ምእመን በ3 ሜትር በር ለመውጣት 8 ደቂቃ ይፈጅበታል። በሩ ሥር ኩሬ ካለ ሁሉም በአንድ ጠርዝ ስለሚያልፍ ይህ ቁጥር ከንቱ ነው።

በበሩ ላይ አግድም 30 በ30 ሳንቲ ቦይ በፍርግርግ ክዳን አድርጉ። በቀጭን ብረት የተበየደ ፍርግርግ በተጫነ መኪና ጎማ ይታጠፋል። ቀዳዳው ደግሞ ከ2 ሳንቲ አይስፋ፤ የሽማግሌ መቋሚያ ይሰምጥበታል።

9. የግቢው ውስጥ

ታቦት ሦስት ጊዜ የሚዞርበት ዑደት ቢያንስ 6 ሜትር ስፋት ያለው ንጣፍ ይሁን፤ 2 በመቶ ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ፣ ቦዩ ከዑደቱ ውጭ በኩል ተከድኖ ይሂድ። ከግድግዳው ቀጥሎ ያለው 3 ሜትር በ15 ሳንቲ ይውረድ። ወለሉ ከግቢው 45 እስከ 60 ሳንቲ ከፍ ይበል፤ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መወጣጫ ከ1 ለ12 የቀለለ ይሁን። ለመኪና ማቆሚያ ከነመዞሪያው በአንድ መኪና 25 ካሬ ያዙ። ስንት መኪና እንደሚመጣ ለማወቅ በአቅራቢያው ባለ ደብር በእሑድ ጠዋት ቆጥራችሁ ውሰዱ፤ ለንግሥ ደግሞ ከግቢ ውጭ የሚቆምበትን ቦታ ከወረዳው ጋር ተስማሙ።

10. የሪፖርቱ ይዘትና ከመፈረም በፊት

ሪፖርቱ አምስት ነገር ይያዝ፦ የላይኛው ተፋሰስ ስፋትና ስሌቱ፣ መውጫው በስንት ከፍታና በማን ይዞታ እንዳለ፣ የጉድጓዶቹ አፈር፣ በየ50 ሜትሩ የተመዘገበው መንገድ፣ የውሃና የመንገድ ሥራው ግምታዊ ዋጋ ከሕንፃው ዋጋ ተለይቶ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይቀራል፤ ቦታው በነጻ ቢሰጥም የድጋፍ ግንብና የካልቨርት ዋጋው ከሌላ ሰፈር ቦታ ሊበልጥ ይችላል።

ጊዜ ካላችሁ ርክክቡን ከሰኔ በኋላ አድርጉት። ከባድ ዝናብ ባቆመ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሰው ላኩ፦ አንዱ ከአስፋልት ወደ ቦታው በእግሩ ይምጣ፣ ሌላው በዝቅተኛው ጫፍ ቆሞ ውሃው እስኪያልቅ ሰዓት ይያዝ። ውሃ የተኛበትን ሁሉ በችካል ምልክት አድርጉና በማግሥቱ ጠዋት ተመልሳችሁ እዩ፤ ከ24 ሰዓት በኋላም ያልሄደ ኩሬ ካለ ሕንፃው ከዚያ ይራቅ።